ለቅሶ የማይሄድ መቀመጫ

ዛሬ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተራችን የድምፅ ማጉያውን መታ መታ አደረጉና፣ «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ቦታ ከእንግዲህ የሴቶቹ ናት» አሉ። «መጋዘኑ ሌላ ቦታ ይሠራል። መቀመጫዎቹ ክረምቱን ችለዋል። እኔ ራሴ ተቀምጬ፣ ነቅንቄ አይቻቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የተናገሩትን አልሰማሁም። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትዘል ሻርፔ ከትከሻዬ ተነሣ፤ ንፋሱ ይዞት ሄዶ የወንዶቹ ሰልፍ ላይ ጣለው። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር። ዛሬ ግን ሰልፉን ሰንጥቄ ገባሁና ሻርፔን ከአንዱ ራስ ላይ አንሥቼ እየሳቅሁ ተመለስሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ምን ይላሉ? መቀመጫውን የመረጥሁት እኔ ነኛ!

ለመቀመጫ ይህን ያህል ደስታ ምንድን ነው የሚል ካለ አልፈርድበትም። ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

እኔና ጓደኛዬ የገጠር ልጆች ነን። ንፋስ መውጫ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን፤ ቅዳሜ ወደየቤታችን ወጥተን እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ክፍላችን መስኮት የላትም። በሯ ሲዘጋ ጨለማ ናት፤ ሲከፈት ደግሞ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበት ንፋስ እንዳለ ይገባል፤ ደብተሩን ይገልጠዋል፤ ግን አያነብልንም። ቤተ መጻሕፍት አለን፣ ግን ጠባብ ነው። ወንዶቹ ከክፍል እንደወጡ ይሮጡና ይይዙታል። እኛ ውሃ ቀድተን፣ ወጥ ጥደን፣ የነገውን ሽሮ አስበን ስንደርስ አንድም ባዶ ወንበር አናገኝም። ቆመን እናነባለን፤ ቆሞ የተነበበ ነገር ደግሞ እግር ውስጥ ነው የሚቀረው እንጂ ራስ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው አትክልት ቦታ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበረች። ትልቅ ማለቴ በስፋት አይደለም፤ ጥንድ በሬ ቢጠመድባት መዞሪያ ያጣል። ግን ፀሐይ ታገኛለች፣ ግንቡ ንፋሱን ይከልላታል፣ ራሳችን የተከልናቸው አበቦችም አሉባት። የጎደላት መቀመጫ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተሰጡን የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። ሰማያዊ ነበሩ፤ ሲያዩአቸው ያምራሉ። የግንቡን ከለላ ትንሽ ካለፉ ግን ንፋሱ አንሥቶ አጥር ላይ ይሰቅላቸዋል። እሱ እንኳ ቀላል ነበር። የባሰው ለቅሶ ነው። የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ወንበር የማን እንደሆነ አይጠይቅም። «ሰው ሞቶብናል፣ ወንበር ስጡን» ብሎ የመጣን ሰው ማን «አይሆንም» ይለዋል? ማንም። እኔም አልል። ወንበሮቹ ለቅሶ ሄዱ፤ ከለቅሶው ወደ ተዝካር፣ ከተዝካሩ ወደ ሰርግ አለፉ። የተመለሱት እግራቸው ተሰብሮ ነበር፤ ያልተመለሱት ኑሮ ይዘዋል። አንዱን መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ደጅ አገኘነው፤ የትምህርት ቤታችን ስም ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም እንደተጻፈ ነው። ጓደኛዬ ቆማ አየችውና፣ «ይሄስ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ጀምሯል» አለች።

ቀጥሎ ብረት መጣ። ከተማው ውስጥ ካለ ብየዳ ቤት የተሠራ፣ ከባድና ጠንካራ አግዳሚ ነበር። ይሄስ ለቅሶ አይሄድም ብለን ተደሰትን። ውርጩን ረሳነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ያ ብረት ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለ መነሣት ያስባል እንጂ ስለ ፊዚክስ አያስብም። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ዝገቱ ቀሚሳችን ላይ እየታተመ፣ ማን ዛሬ የት እንደተቀመጠች ከኋላዋ ይነበብ ጀመር። ብየዳው ለቀቀና እሱም ተነሣ።

ከዚያ ባሕር ዛፍ ሆነ። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ ማን ይከለክላል? ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ገና እንባው ሳይደርቅ በሚስማር ተመታ። እግሮቹን አፈር ውስጥ ቀበርናቸው። በጋው ሲገፋ ጣውላው እንደ ተቆጣ ሰው ፊቱን ወደ አንድ ጎን አዞረ፤ ሚስማሮቹ ራሳቸውን ቀና ቀና አደረጉ። የቀሚሴን ጫፍ የቀደደው አንዱ ሚስማር ነው። በሚቀጥለው ክረምት እግሮቹን አፈር በላቸው። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ ገና ቁጭ ስትል አግዳሚው በዝግታ፣ እንደ ሽማግሌ ግመል፣ ተንበረከከ።

ዳይሬክተራችን መጥተው አዩት። ሰው ላይ አይጮኹም፤ ሲናደዱ ድምፃቸው ዝቅ ነው የሚለው። «ይህ አትክልት ቦታ ሳይሆን የመቀመጫ መቃብር ነው» አሉ። «መጋዘን እንሠራበታለን።»

እኛ የሴቶች ክበብ አባላት ተሰብስበን ቢሯቸው ገባን። ብዙ ተናገርን፤ እኩል ስለ ተናገርን አንዳችንም አልተሰማንም። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

«እሺ። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ እሞክራችኋለሁ። ክረምቱን የሚችል መቀመጫ አምጡ። ከቻለ ቦታው የእናንተ ነው። ካልቻለ መስከረም ላይ የመጋዘኑ መሠረት ይቆፈራል፤ ያኔ ቢሮዬ እንዳትመጡ። ማነው የሚመርጠው?»

የስማዳዋ ልጅ፣ «እኛ ዘንድ ዋንዛ አለ» ማለት ጀመረችና ከስማዳ እስከዚህ ማን እንደሚያመጣው ስትጠየቅ ተወችው። ሌላዋ ሲሚንቶ አለች። ሲሚንቶ በውርጭ ከብረት በምን ይሻላል? እኔ እጄን አወጣሁ። ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ነበርሁ፤ በዚያ ዓመት የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ፊት አስነብበውኝ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ደፍሬያለሁ። «እኔ እመርጣለሁ» አልሁ። ጓደኛዬ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ፤ ጎበዝ ማለቷ ይሁን አበድሽ ማለቷ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሁሉ እያሰብሁ ነው። ዕቃ የሚሸጥን ሰው ብጠይቀው ያለውን ያወድሳል። ታዲያ ማንን ልጠይቅ? በግራም በቀኝም የሰው አጥር ነበር። ቆም አልሁ። አጥር ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያነደዋል፣ ውርጭ ያድርበታል፣ ከብት ይታከክበታል፤ ማንም ወደ ቤት አያስገባውም። ከአጥር የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ቤት እንደገባሁ የእናቴን ወስፌ አነሣሁ፤ ስፌት የምትሰፋበትን። በማግስቱ ስመለስ ያየሁትን የአጥር ቋሚ ሁሉ ሥሩን ዝቅ ብዬ በወስፌ እወጋ ጀመር። እንጨት የሚሞተው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከላይ ደረቱን ነፍቶ የቆመ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ስወጋው ወስፌው እንደ ቂጣ ሊጥ ውስጥ እስከ እጀታው ይገባል።

አንዲት እናት ከግቢያቸው ብቅ አሉ። «አንቺ! አጥሬ ምን በድሎሽ ነው የምትወጊው?»

«ጤንነቱን እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«ሐኪም ነሽ?»

«ገና ተማሪ ነኝ።»

«እንግዲያ ያንን ጥግ ያለውንም እይልኝ። በሬው ሲታከክበት ያቃስታል።»

አየሁላቸው። ባሕር ዛፍ ነበር፤ ገና በቆመበት አፈር ሆኗል። አጠገቡ ግን ጠቆር ያለ፣ ጎባጣ፣ መልከ ጥፉ ቋሚ አለ። ወስፌውን ብገፋው ብገፋው አልገባ አለኝ። «ይሄንን ማን ተከለው?» ብላቸው፣ «እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቆሞ ነው የጠበቀኝ» አሉ። ጽድ ነው። ፈረንጅ ጽድ የምንለው ሳይሆን የእኛው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚቆመው። ዝቅ ብዬ በደንብ ስመረምር የውጪው ነጭ እንጨት ተበልቶ አልቋል፤ ውስጡ ያለው ቀይ ግን እንደ አጥንት ደንድኖ ቆሟል። ሌላም ሌላም አጥር ሄጄ ብወጋ ያው ነው። ነጩ ይበላል፣ ቀዩ ይቆያል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ወስፌ ነው ያገኘሁት። ወስፌው የእናቴ መሆኑን ግን ጫፉ የተሰበረ ጊዜ በደንብ ተነግሮኛል።

እንጨቱን አወቅሁ፤ ከየት አመጣዋለሁ? ቆሞ ያለ ጽድ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም እኔ አልፈልግም፤ እኛ ለመቀመጥ ብለን ዛፍ አናስተኛም። ያን ጊዜ ነው ትልቁን ስሕተት የሠራሁት። መንገዴ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሲታደስ የወረዱ አሮጌ የጽድ ሠረገላዎች፣ ጣሪያውን ተሸክመው የኖሩት ወፍራም እንጨቶች፣ በቅጽሩ ውስጥ ሣር ላይ ተጋድመዋል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው አንዳቸውም አልበሰበሱም። ደስ ብሎኝ ሮጬ ወደ አንድ አባት ቄስ ሄድሁና፣ መስቀል ተሳልሜ፣ «አባ፣ እነዚያን እንጨቶች ለትምህርት ቤታችን መቀመጫ ይስጡን» አልኋቸው።

ቄሱ እኔን አዩ፣ እንጨቶቹን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ታቦት ላረፈበት ቤት ጥላ የሆነ እንጨት ላይ… ልትቀመጡበት?»

ፊቴ እሳት ሆነ። ከአፌ ሲወጣ ያልታየኝ ነገር ከእሳቸው ጆሮ ተመልሶ ሲመጣ ታየኝ። እኛ ልጆች እንኳ የቤተ ክርስቲያንን ደረጃ ስንረግጥ ጫማ እናወልቃለን፤ እኔ ደግሞ ጣሪያውን ከነቀሚሴ ልቀመጥበት!

«ይፍቱኝ አባ፣ አላሰብሁትም።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ይሄ ለቤተልሔም ማገዶ ነው፤ የቁርባኑ መገበሪያ ይጋገርበታል። ምርጫሽስ ደግ ነበር፣ እንጨት አውቀሻል» አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «ለመቀመጫ ግን ከሰው ቤት የወጣ ፈልጊ። እግዚአብሔር ከራስሽ ይስጥሽ።»

ከሰው ቤት የወጣ። ከራስሽ። ቁልቁለቱን ስወርድ ቃላቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ወንዙ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ከራሴማ አለኝ!

ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ አባቴ ያስቀመጧቸው የጽድ ምሰሶዎች አሉ። አያቴ ከሠሩት ከድሮው የሣር ቤት የወጡ ናቸው። የቆርቆሮውን ቤት ስንሠራ አሮጌው ፈርሶ ማገሩና ጭራሮው ማገዶ ሆነ፤ ምሰሶዎቹን ግን አባቴ ማንም እንዲነካቸው አልፈቀዱም። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ «ይሄ የወንድምሽ ጎጆ መውጫ፣ ይሄ የአንቺ» ሲሉ እሰማለሁ። ወንድሜ አምና ሚስት ሲያገባ ድርሻውን ወስዶ ቤቱን አቆመበት። የቀረው የእኔ ነው። እኔ ባል አግብቼ ጎጆ ስወጣ የሚቆም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ደጅ ቁጭ ብለው የቀንበሩን ምራን፣ ያን የሚታሰርበትን ጠፍር፣ ቅቤ እየቀቡ ሲያለሰልሱ ደረስሁ። ስንቄን እንኳ ሳልጠይቅ ጀመርሁ።

«አባባ፣ ያ ጽድ የእኔ ነው አይደል?»

«የአንቺ ነው። ምነው፣ ሌባ አየሽበት?»

«አሁን ይስጡኝ።»

እጃቸው ምራኑ ላይ ቆመ። እናቴ ከውስጥ ዱብ አለች። «ኧረ ጉዴ! ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም አልመጣም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ያለ ባል ጎጆ ይወጣል?»

«ለትምህርት ቤት ነው።» ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ፕላስቲኩን፣ ብረቱን፣ ባሕር ዛፉን፣ ዳይሬክተሩ ያሉትን፣ መስከረም ላይ የሚቆፈረውን መሠረት። የቄሱንም ነገርሁ። እናቴ በዚህኛው አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይ ልጄ! ሰው ሁሉ ለሚቀመጥበት አንቺ ጎጆሽን? ነገ አማትሽ፣ ‹ምን ይዛ መጣች?› ብትል ወንበር እናሳያት?»

«አዎ አሳያት! እሷም ትቀመጥበት።»

«ሰማህ አንተ የልጅህን?»

አባቴ ምራኑን ማሸት ቀጠሉ። ምሰሶዎቹ የእኔ ቢባሉም የእሳቸው አባት እጅ የጠረባቸው ናቸው፤ እሱን አውቃለሁ። ደግሞም ዳይሬክተሩ አንዴ ብቻ ነው ያሉት፤ አባቴ እምቢ ካሉ ሌላ ጽድ የለኝም፤ ያ ቦታ መጋዘን ይሆናል፣ እኛም ወደ ጨለማዋ ክፍል እንመለሳለን።

«ሠርተሽው ክረምቱን ባይችልስ?» አሉ በመጨረሻ።

«አያቴ ካቆሙት ወዲህ ያልቻለው ክረምት የትኛው ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከት ብለው ሳቁ፤ ምራኑ ከእጃቸው ወደቀ። «ይህችን ልጅ ማስተማር ይቅር ብዬ ነበር!» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «እንኳን አልቀረ። ድርሻዋ ነው፤ የፈለገችው ላይ ታቁመው። የሰጠሁትን አልነሣም።» ወደ እኔ ተመልሰው ደግሞ ጣታቸውን አነሡ። «ሁለተኛ ጽድ ግን የለም። ጎጆሽን በባሕር ዛፍ ነው የምትወጪ።»

«በባሕር ዛፍ ልውጣ» አልሁ። እናቴ፣ «ለሷ ምን ቸገራት፣ ሚስማሩ የሚወጋው ባሏን ነው» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በገበያ ቀን አባቴ ጎረቤት ለምነው፣ ወንድሜንም ጨምረው፣ ምሰሶዎቹን በትከሻ አመጧቸው። አባቴ የትምህርት ቤታችንን በር ከዚያ ቀን በፊት አልፈው አያውቁም፤ ደጅ ላይ ስንቄን አቀብለውኝ ይመለሱ ነበር። ዳይሬክተራችን ወጥተው በሁለት እጃቸው ሲጨብጧቸው፣ አባቴ ቆባቸውን አውልቀው፣ «ጎጆዋን ይዤ መጣሁ፤ ሙሽራው ግን አልታየኝም» አሏቸው። ዳይሬክተሩ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ እንጨቱ ተገኘ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አንዱ መምህር፣ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እንቀባው አሉ፤ ጓደኛዬ፣ «ቲቸር፣ ዩኒፎርማችንንስ በምን እንቀባው?» ብላ አስተወቻቸው። ሌላው እግሩ ይቀበር አሉ። እዚህ ላይ እኔ አልተበገርሁም። ስንት አጥር ወግቻለሁ፤ ጽድም ቢሆን አፈር ሲነካው ሰላም አያገኝም። «እንጨቱ አፈር አይነካም፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚያርፈው» አልሁ። ማሳ ላይ ጎርፍ እንዳይወስደው ካብ እንደምንክበው፣ ሁለት ሁለት አጭር ካብ እንካብና እንጨቱ በላያቸው ይጋደም። ዳይሬክተሩ አባቴን አዩ፤ አባቴ፣ «የእንጨቱ ባለቤት እሷ ናት» አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ስለ እኔ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ሴቶቹ ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጀርባችን አመላለስን። ወንዶቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው፣ «መቃብር ነው እንዴ የምትሠሩት?» ይሉናል። ጓደኛዬ ድንጋዩን ሳታወርድ፣ «አዎ፣ ቀልዳችሁን የምንቀብርበት» አለች። ትንሽ ቆይተው ወረዱና ተሸከሙልን፤ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሴት ድንጋይ ስታመላልስ ማየት እነሱንም ደስ አላላቸውም። አባቴ ምሰሶዎቹን በሽብልቅ ለሁለት ለሁለት ሰነጠቋቸው። ስንጥቁ ሲከፈት ውስጡ ቀይ፣ እንደ አዲስ ዛፍ የሚሸት ሆኖ ወጣ፤ ያን ያህል ዘመን ጭስ የጠገበ እንጨት ሽታውን ለእኛ ደብቆ ያስቀመጠ ይመስል ነበር። ነጩን በመጥረቢያ ጠረቡት። ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ስናጋድም ውሃ የሚያልፍበት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውን፤ ወደ ኋላም ትንሽ አዘነበልነው፣ ዝናብ እንዳይተኛበት። ጫፎቹን ደግሞ ካቡ ውስጥ አስገብተን ከላይ በድንጋይ ዘጋናቸው። ይቺኛዋ የእኔ ተንኮል ናት፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ክረምቱ ገባ። ትምህርት ተዘጋ፤ ወደ ቤት ሄድሁ። የዚህ ዓመት ዝናብ ልማዱን አላጓደለም፤ በረዶው ገብሱን ሲያስተኛው አባቴ ስለ ገብሱ፣ እኔ ስለ መቀመጫው እናስባለን። ነሐሴ ውስጥ እናቴ ጨው ልትገዛ ከተማ ስትወጣ ተከትያት ሄድሁ። ጫፉ የተሰበረው ወስፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው በሩን ከፈቱልኝ። «ባለ ወስፌዋ! ደግሞ መጣሽ?»

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ከሥር፣ ከድንጋዩ ጋር ከሚገናኝበት፣ ወጋሁት። አልገባም። በሌላው ጎን ወጋሁ። አልገባም። እንጨቱ ከላይ ግራጫ መልክ ጀምሯል፤ ከሥሩ ግን እንደመጣበት ነው። ቁጭ አልሁበት፤ ውሃው በክፍተቱ ወርዶ ስለነበር ቀሚሴ እንኳ ብዙ አልራሰም።

«ሰዎች መጥተው ነበር» አሉኝ ዘበኛው። «ለቅሶ አለብን፣ መቀመጫ ስጡን ብለው። እንግዲህ ለቅሶ ነው፤ ምን እላለሁ? ‹እነዚያ አሉላችሁ፣ ውሰዱ› አልኋቸው።»

ወስፌውን እንደያዝሁ ብድግ አልሁ። «ከዚያስ?»

«ጎረምሶች ናቸው፤ በሁለቱም ጫፍ ያዙት። ታገሉት። ወይ ንቅንቅ! አንዱ ላቡን ጠረገና፣ ‹ይሄስ ለቅሶውን ወደዚህ ካላመጣነው አይሆንም› አለ። ሲሄዱ እየሳቁ ነው የሄዱት። ለቅሶ የሚሄድ ሰው አሳቅሽ!»

ደግሞ አዘንሁ እኮ። ለቅሶ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ይሄን ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ ዕድሩ የራሱን አግዳሚ ከሠራ ሁሉም ያርፋል አለች። ዕድሩ ሰምቷል። ከምን እንሥራው ብለው ሲጨቃጨቁ እናቴ፣ «ልጄን ጠይቋት» አለች አሉ። የእናቴ አፍ! ያን ወስፌ አሁን ይቅር ብላኛለች መሰለኝ።

ትምህርት ተከፈተ፤ ዳይሬክተሩ ዛሬ ያን ተናገሩ። ሲናገሩ ያልሰማሁትን ቀሪውን ደግሞ ጓደኛዬ ነገረችኝ፤ ከአርብ ገበያና ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሴቶች ክበብ ልጆች መቀመጫውን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ እኔም እንዴት እንደመረጥሁት በጽሑፍ እንዳዘጋጅ። ይኸው ከክፍል እንደወጣሁ እየጻፍሁ ነው። የተቀመጥሁትም እዚያው ላይ ነው። ፀሐይዋ ጀርባዬን ታሞቀኛለች፤ እንጨቱም ሞቋል። ብረት እንዲህ አያደርግም።

አባቴ ገበያ መጥተው ነበርና ወሬውን በር ላይ ነገርኋቸው። አህያዋን አስረው ገቡ። መቀመጫዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ። አንዷ አባቴን ስታይ ብድግ አለች፤ ለሽማግሌ መነሣት ልማዳችን ነው። አባቴ ግን እጃቸውን አወዛወዙ፤ «በልጄ ሞት! ተቀመጪ፣ ተቀመጪና አንብቢ። ይሄ የአባቴ ቤት ነው፤ እኔ እዚህ እንግዳ አይደለሁም» አሏት። እሷ ጠጋ አለችላቸው፤ ከጎኗ ተቀመጡ። እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አሳርፈው፣ አያቴ በመጥረቢያ የጠረቡበትን ምልክት በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ትንሽ ቆዩ። የሚያነብቡትን ልጆች አዩአቸው። አባቴን አውቃቸዋለሁ፣ ማሳቸው ሲያምርላቸው እንዲህ ነው የሚያዩት።

ሲነሡ፣ «ምንድን ነው የምትጽፊው?» አሉኝ።

«መቀመጫውን እንዴት እንደመረጥሁ።»

«እንግዲያ ይሄን ጨምሪበት። ጎጆ የወጣ ሰው ዘመድ ይጠራል። ያልተጠራ ሰው እንዳይኖር።»

ስለዚህ አባቴ እንዳዘዙኝ እጠራችኋለሁ። ከጋይንትም ሁኑ ከስማዳ፣ ከእስቴም ሁኑ ከሩቅ፣ በንፋስ መውጫ ስታልፉ ጎራ በሉ። የቤተ መጻሕፍቱን ግንብ ዞራችሁ አበቦቹ ጋ ስትደርሱ ታገኙናላችሁ። መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር እንዳታመጡ። ይችላል ስላችሁ ያላመናችሁኝ ካላችሁ ደግሞ አልቀየማችሁም፤ ወስፌ ይዛችሁ ኑ።